ሳይለመን የመጣ ውኃ

በቆቦ ሜዳ የሚኖር ገበሬ፥ በእርሻው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ እርሻው ጠጥቶ ሊያድር እንደሚችል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብቱ ፈንጥቀው በሚታዩበት ሌሊት፥ በስተ ምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ በሆርማትና በጎሊና ሸለቆ ተሰብስቦ በድንገት ወደ ሜዳው ይወርዳል። አስቀድሞ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ መልኩ የሚታየው ኋላ ነው። ከየትኛው ተራራ እንደ ተነሣ ግን በሜዳው ላይ ያለ ሰው አያውቅም። ቦዩን አስቀድሞ የጠረገ ሰው መሬቱን ያጠጣል፤ ያልጠረገውም ውኃው በደጁ አልፎ ወደ ዞብል ተራራ ሥር ሲሄድ ቆሞ ያያል። አንዳንድ ጊዜም ያው ውኃ ለአንዱ ደለል፥ ለሌላው አሸዋ ጥሎ ይሄዳል።

ከዐቢይ ጾም እሑዶች ሰባተኛው ኒቆዲሞስ ይባላል። ከፈሪሳውያን አንዱ የሆነው መምህር በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ፥ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ሊወለድ ይችላል ብሎ እንደ ጠየቀ፥ ጌታም ድምፁ ተሰምቶ መነሻው ስለማይታወቀው ነፋስ እንደ ነገረው የሚነበበው በዚህ እሑድ ነው። በቆቦ የሚያገለግሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ ይህን ወንጌል ሲያስተምሩ ነፋሱን በጎርፍ ይመስሉት ነበር። ሕዝቡም ወዲያው ይገባዋል፤ በራያ ቆላ ነፋስን የማያስተውል ሰው ቢገኝ የሌሊት ጎርፍ ድምፅ ሰምቶ ያልተነሣ ግን አይገኝምና።

በአንድ ዓመት በዚህ እሑድ ዋዜማ፥ ቅዳሜ ማታ፥ አንድ ወጣት ወደ ቄሱ ቤት መጣ። ልጁ የቆቦ ተወላጅ ነው፤ በሌላ ከተማ ተምሮ እዚያው ሥራ ይዞ ነበር፤ እናቱን ሊጠይቅ መምጣቱ ነው። ሰው እንዳያየው አምሽቶ መምጣቱን ቄሱ አስተውለው በልባቸው ፈገግ አሉ፤ የነገው ወንጌል በፊታቸው ተዘርግቶ ነበርና።

ልጁ ከተቀመጠ በኋላ እንዲህ አለ፤ «አባ፥ በምኖርበት አገር ያሉ ጓደኞቼ ዳግም የተወለድህበት ቀን መቼ ነው ብለው ይጠይቁኛል። እነርሱ ቀኑንም ሰዓቱንም ይናገራሉ። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። እናቴ አርባ ቀን ሲሞላኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድሁህ ትለኛለች፤ እኔስ አላስታውሰውም፤ ወድጄም አልሄድሁም። የማላስታውሰውና ያልወደድሁት ልደት ልደቴ ነውን?»

ከእናትህ ማኅፀን የተወለድህበትንስ ታስታውሰዋለህን የሚለው መልስ ወደ ቄሱ አፍ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ዋጡት። መልሱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጠያቂውን ዝም የሚያሰኝ እንጂ የሚያሳርፍ አይደለም። ደግሞም የልጁ ጥያቄ በራሳቸው ቤት ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ጥያቄ ነበረ።

ሥርዓቱስ የታወቀ ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅም በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ይኸውም አዳም በ40 ቀኑ፥ ሔዋን በ80 ቀንዋ ወደ ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ሕፃኑ መናገር አይችልምና የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ስለ እርሱ ይናገራሉ፤ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፥ ወደ ምሥራቅ ዞረው በሥላሴ ያምናሉ። ካህኑ በተባረከው ውኃ ሦስት ጊዜ ያጠምቀዋል፤ በ36 ሕዋሳቱ ላይ ሜሮን ይቀባዋል፤ በአንገቱም ማዕተብ ያስርለታል፤ በዚያውም ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። በዚህ ሁሉ መካከል ሕፃኑ ራሱ ከማልቀስ በቀር የሠራው ነገር የለም።

የተሰጠውም ስም ከሌላው ስሙ የተለየ ነው። ባርያ ሲሆን ገብረ፥ ልጅ ሲሆን ወልደ፥ ለሴቲቱም ወለተ ወይም አመተ እየተባለ ከጌታ ወይም ከቅዱሳን ስም ጋር የሚጣመር ነው። ይህ ስም በገበያ አይጠራም፤ በግብር ደረሰኝም ሆነ በመታወቂያ ላይ አይጻፍም። በብዙ ሰዎች ዘንድ ሲጠመቁ አንድ ጊዜ ከተጠራ በኋላ ተደብቆ ይኖርና ንስሐ ሲገቡና ሲቆርቡ ይጠራል፤ መጨረሻም በፍትሐት ጊዜ፥ ባለ ስሙ በማይሰማበት ሰዓት ይጠራል። ሰው በሕይወቱ ሁሉ በአባቱ ስም ሲታወቅ ኖሮ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆመው ጎረቤቱ በማያውቀው ስም መሆኑ፥ ለሚያስብ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ቄሱ ይህን ሁሉ ለልጁ ቢነግሩት ከእናቱ ከሰማው ብዙም የሚጨምርለት አልነበረም። ስለዚህ ስለ ቅድመ አያታቸው ጀመሩለት።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፥ ዛሬ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ራስ አዳል፥ ብዙ ሊቃውንትም ተገኝተው ነበር። የጉባኤው ክርክር ስለ ልደት ነበረ። ለክርስቶስ ሁለት ልደት አለው፤ ይኸውም ከዘመናት አስቀድሞ ከአብ ያለ እናት፥ ኋላም ከእመቤታችን ያለ አባት የተወለደው ነው የሚሉት ተዋሕዶዎች በአንድ ወገን ቆሙ። በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የጸጋ ልጅ ሆኗልና ልደቱ ሦስት ነው የሚሉት በሌላ ወገን ቆሙ። ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ ሁለት ልደት የሚለው ጸና፤ ያልተቀበሉትም ተቀጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር የሚያስተውል ሰው ሊደነቅ ይገባዋል። ለክርስቶስ ሦስተኛ ልደት የለውም ብሎ የወሰነው ያው ጉባኤ፥ ለወሎ እስላሞች ሁሉ ሁለተኛ ልደት በዐዋጅ ሰጣቸው። ሹማምንቱ ወዲያው እንዲጠመቁ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ፥ ሕዝቡም በ3 ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። ተፎካካሪያቸው ኢማም አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእርሳቸውም የክርስትና አባት ምኒልክ ሆኑ። አገርን አንድ ለማድረግ አንድ ሃይማኖት ያስፈልጋል የሚለው አሳብ በዚያ ዘመን በነገሥታት ዘንድ እንግዳ አልነበረም፤ በአውሮጳም ንጉሡ የያዘውን ሃይማኖት ሕዝቡ ይያዝ የተባለበት ዘመን ነበረ። ቢሆንም ጌታ ለኒቆዲሞስ የነገረው ልደት በነጋሪት የሚጠራ ልደት አለመሆኑን ለመናገር ብዙ ምርምር አያሻም። በሼኽ ጠልሃ ዙሪያ የተሰበሰቡትን የመሰሉ ብዙዎች እምቢ ብለው ጦር አነሡ፤ ሌሎችም አገር ጥለው ተሰደዱ።

ራያና የጁም ከዚህ ዐዋጅ ውጭ አልነበሩም። የቄሱ ቅድመ አያት በዚያን ጊዜ ሚስት ያገባ፥ ጥማድ በሬ ያለው ጎልማሳ ነበረ። አባቱ እስላም፥ አያቱም እስላም ነበረ። ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ክርስቲያኖች ነበሩ ይባላል፤ በራያ የትውልድ ሐረግ ወደ ላይ ሲቆጠር ይህን የመሰለ መፈራረቅ ማየት የተለመደ ነው። ታናሽ ወንድሙ አልጠመቅም ብሎ ከብቱን ነድቶ ወደ ምሥራቅ በረሃ ወረደ። ታላቁ ግን መሬቱን ጥሎ መሄድ ስላልሆነለት ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ቀን በወንዝ ዳር ተጠመቀ። የሚጠመቀው ሰው ብዙ፥ ካህኑ አንድ ነበረና፥ ለየሰዉ ስም ማውጣት ቢሰለቸው በአንድ ወገን ለቆሙት ሁሉ አንድ ስም ሰጣቸው እየተባለ በቤተ ዘመዱ ይተረታል። የክርስትና አባት የሆነውም ስሙን እንኳ የማያውቀው ከሠራዊቱ የመጣ ወታደር ነበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሰው በቀን ማዕተብ ያስር፥ በሌሊት ፈትቶ ይሰግድ ነበር። እንዲህ ያደርግ የነበረው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ መኖር በወሎ ብዙ ሰው የያዘው ኑሮ እንደ ነበረ በዚያ ዘመን አገሩን ያዩ መንገደኞች ጽፈውታል። ቄሱ ይህን ሲናገሩ አላፈሩም። ይልቁንም ለልጁ፥ «እኔ የመጣሁት ከዚህ ሰው ነው» አሉት።

ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ዓይነት አለፈ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። ወሬው ራያ በደረሰ ጊዜ፥ ከፍርሃት የተነሣ ማዕተብ ያሰሩ ብዙዎች በገዛ እጃቸው ፈቱት። በምኒልክም ዘመን ያ ግዴታ ላላ። ታናሽ ወንድሙም ከበረሃ ተመልሶ መጣ፤ ከበሬዎቹ ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ክፉው ቀን የተባለው ረኃብና የከብት እልቂት ጀምሮ ነበርና። በወንድሙ ቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፥ «ወንድሜ ሆይ፥ አሁን የሚያስገድድህ የለም፤ ይህን ክር ፍታው» አለው።

ታላቁም ፈታው። ክሩን በእጁ ይዞ አመሸ። ሲነጋ ክሩ በአንገቱ ላይ ታስሮ ተገኘ።

ለምን እንዳሰረው ለማንም አልተናገረም። በቤተ ዘመዱ ሁለት ዓይነት ነገር ይወራል። አንደኞቹ፥ በሌሊት ሕልም ቅዱስ ሚካኤል ተገልጦለት ነው ይላሉ። ሁለተኞቹ ግን፥ በተጠመቀ ጊዜ ከሸሹት ሰዎች መሬት ላይ የተጨመረለት ርስት ነበረና እርሱን እንዳያጣ ፈርቶ ነው ይላሉ። ቄሱ የርስቱን ነገር አይሸሽጉም፤ እንዲያውም ከሕልሙ ይልቅ እርሱን ለማመን ይቀርባሉ። ሕልሙ ከሞተ በኋላ የተጨመረለት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ነገር ግን ሁለቱም ወገን የማይክዱት አንድ ነገር አለ። ሰውዬው በዚያው ሰሞን ያጠመቀውን ካህን ፍለጋ በእግሩ ሄደ። ካህኑ ሸምግሎ ዓይኑ ፈዞ አገኘው። «አባቴ፥ ያን ቀን ስም ሰጥተውኝ ነበር፤ በልቤ እየተራገምሁ ነበርና አልሰማሁትም። አሁን ልሰማው መጣሁ» አለው። ሽማግሌውም ከት ብሎ ስቆ፥ «ልጄ፥ ለሁላችሁ የሰጠሁት አንድ ስም ነውና እንኳንም አልረሳሁት» ብሎ ነገረው። እንደ ገናም አላጠመቀው፤ ጥምቀት አንዲት ናትና። ከሃይማኖት ወጥቶ ለተመለሰ ሰው የሚጸለየውን መጽሐፈ ቄድር ጸለየለትና ጠበል ረጭቶ አሰናበተው።

ወጣቱ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ከሰማ በኋላ፥ «እንግዲህ ዳግም የተወለደው የትኛው ቀን ነው አባ? በወንዙ ዳር ነው፥ ወይስ ክሩን መልሶ ያሰረ ዕለት?» ብሎ ጠየቀ።

ቄሱም፥ «ወንዙ ባይኖር የሚያስረው ክር ከየት ይመጣል?» አሉት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ክሩን ባያስር ደግሞ ወንዙን ማን ያስታውሰው ነበር?» አሉ።

በግዴታ የጀመረ ነገር ሁሉ በግዴታ እንደማያልቅ የራስ ሚካኤል ሕይወት ምስክር ነው። ዐፄ ዮሐንስ ካለፉ በኋላ እርሳቸው ወደ ቀድሞው ሃይማኖታቸው አልተመለሱም። አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ፤ በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዐድዋ ዘመቱ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ኋላ ግን ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ሃይማኖቱን ለወጠ ተብሎ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ፥ አባቱ ስለ ልጃቸው ጦር መዝተው በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ሆኑ፤ እስረኛ ሆነውም ዐረፉ። በንጉሥ ትእዛዝ ክርስቲያን የሆኑት አባት በክርስትናቸው ጸንተው፥ ክርስቲያን ሆኖ የተወለደው ልጅ ክርስትናውን ተወ ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ ምን ያህል እውነት፥ ምን ያህል ፖለቲካ እንደ ነበረበት የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል፤ የሁለቱ ነገር ጎን ለጎን ሲታይ ግን በጥምቀት ቀን ላይ ብቻ ተመርኩዞ በሰው ላይ የሚፈርድን ሰው አፉን ያሲዘዋል።

በበጌምድር ደግሞ የሼኽ ዘካርያስ ነገር አለ። እርሳቸውን ማንም ንጉሥ አላዘዛቸውም። የእስልምና መምህር ሳሉ ያዩትን ራእይ ተከትለው፥ ከቁርዓን ራሱ ስለ ክርስቶስ እየጠቀሱ ብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ በ1902 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ታቦር ከብዙ ተከታዮቻቸው ጋር ተጠምቀው ንዋየ ክርስቶስ ተባሉ። ስለ እርሳቸው ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው እንደ ቄሱ ቅድመ አያት ወይም እንደ ወጣቱ ነው፤ ሳይለምን ውኃ ደርሶበታል።

የታናሹ ወንድም ዘር ዛሬም በእስልምና አለ። ከእነርሱ አንዱ በዕድሜ ከቄሱ ጋር እኩያ የሆነ ገበሬ ነው፤ መሬታቸው ይዋሰናል፥ የጎርፉንም ቦይ በጋራ ይጠርጋሉ። በሠርግና በሐዘን ይጠራራሉ፤ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፥ ለቅሶው ግን አንድ ነው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ለቄሱ እንዲህ ብሏቸው ነበር፤ «ወንድሜ፥ የእኔ ቅድመ አያት በእምቢታው እስላም ሆኖ ቀረ፤ ያንተ ደግሞ በእሺታው ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ሁለቱም የአንዲት ሴት ጡት ጠጥተዋል። እኔን የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ የነዳናቸው ከብቶች በበረሃ አለቁ፤ መሬቱም አልተመለሰልንም።»

ቄሱ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ከተጨመረው ርስት ጥቂቱ እርሳቸውም እጅ ደርሶ ነበር። መሬት ላራሹ ከታወጀበት ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ድንበሩ ሁሉ ስለ ተለወጠ ነገሩ በሕግ የሚያከራክር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ቄሱ በቦዩ ተራ ጊዜ ሁልጊዜ ውኃውን አስቀድመው ለዘመዳቸው ይለቃሉ። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ የጠየቃቸው የለም፤ ቢጠየቁም የሚናገሩ አይመስልም።

ከዚህም ሌላ በቄሱ ልብ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። በጳጉሜን 4 ቀን፥ ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፥ በከተማውና በዙሪያው ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ተቀበሩ። በቀደመው ቀን የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብለው ልጆች የሚታጠቡበት በዓል ነበረ። በዚያ ወራት ሰው ከየት ነህ፥ የማን ልጅ ነህ፥ ምን ትናገራለህ እየተባለ በዘሩና በቋንቋው ይመዘን ነበር። በአንድ አባት ቤት ውስጥ አማርኛና ትግርኛ፥ ኦሮምኛም የሚነገርበት የራያ ሰው፥ ለዚህ ጥያቄ ባንድ ቃል የሚመልሰው ነገር የለውም።

ቄሱ በፍትሐት ቆመው የሟቹን የክርስትና ስም ሲጠይቁ የሚነግራቸው አላገኙም። ቀባሪዎቹ ጎረቤቶች ነበሩ፤ የሚያውቁትም የገበያውን ስም ብቻ ነበር። እናት ሸሽታለች፥ የክርስትና አባትም የት እንዳለ አይታወቅም። ሰውየው በምድር ላይ ስለ ስሙ ተጠይቆ ሞቶ፥ በሰማይ የሚጠራበት ስም ግን ጠፋ። ቄሱ ያን ዕለት አቤቱ አንተ ታውቀዋለህ ብለው አሳለፉት። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ደብተር ገዙ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚያጠምቁትን ሁሉ፥ ከዚያም አስቀድሞ የተጠመቁትን ከየእናቶቻቸው እየጠየቁ፥ የክርስትና ስማቸውን ይጽፋሉ።

ቄሱ ይህን ከተናገሩ በኋላ ተነሥተው ደብተሩን ከመጻሕፍቱ መካከል አወጡና፥ «የክርስትና ስምህ ማነው ልጄ?» ብለው ወጣቱን ጠየቁት።

ልጁ አፉን ከፈተ፥ መልሶም ዘጋው። «ኃይለ የሚል አለበት፤ ኃይለ ማን እንደ ሆነ ግን...» አለና አቀረቀረ።

ቄሱም በቁጣ ሳይሆን በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አሉት፤ «ጓደኞችህ ቀኑን ጠየቁህ። መጠየቃቸው ክፉ አይደለም፤ አንተንም ከእንቅልፍ ቀስቅሰውሃል፥ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን ቀኑን አልጠይቅህም፤ ቀኑ በእናትህና በካህኑ ዘንድ አለ። እኔ የምጠይቅህ ስሙን ነው። ቅድመ አያቴ ስሙን ሊሰማ የሄደው በተጠመቀ በዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የወታደርና የንጉሥ ውኃ ነበረ፤ ማንም አያመሰግነውም፤ እኔም ልጁ ሆኜ አላመሰግነውም። እርሱ ግን ውኃው ከየት መጣ ብሎ ሲሟገት አልኖረም፤ ቦዩን ከፍቶ አስገባው።»

ልጁ ግን በዚህ አልረካም። «እኔስ የምከፍተው ምንድር ነው? ከእኔ የጠፋው ልቤ እንጂ ስሙ ብቻ መች ሆነና» አለ። ቄሱም ይህን በሰሙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ደስ አላቸው። ነገር ግን መልስ ሊሰጡ ሲሰናዱ፥ ከደጅ የሰው ድምፅ ተሰማ።

የመጣው ያ እስላም ዘመዳቸው ነበረ፤ በራሱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ፥ አካፋ በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። «ወንድሜ፥ ተነሣ! ላይኛው ወንዝ ይጮኻል፤ በልግ ደረሰልን» አላቸው።

በቆቦ ላይ አንድ ደመና አልነበረም። ቄሱ ጋቢያቸውን አጣፍተው፥ ለማኅሌት የሚያሰማው ደወል እስኪደወል ገና ጊዜ አለ ብለው ዶማቸውን አነሡ። ወጣቱም ሁለተኛውን አካፋ ከግድግዳው አንሥቶ ተከተላቸው፤ የከተማ ጫማውን ያወለቀው ከመንገድ ላይ ነው። ሦስቱም በከዋክብት ብርሃን በእርሻው መካከል ሄደው በቦዩ አፍ ላይ ደረሱ። የውኃው ድምፅ ይቀርባል፥ ውኃው ግን ገና አይታይም። ካለፈው ዓመት የቀረው ደለል የቦዩን አፍ ደፍኖት ነበርና በጥድፊያ ይቆፍሩ ጀመር።

ጥቂት ከሠሩ በኋላ ልጁ ቀና ብሎ፥ «አባ፥ ሲነጋ እናቴን እጠይቃታለሁ» አለ።

«ደብተሩን ይዤ እጠብቅሃለሁ» አሉት።

ዘመዳቸው ከላይ በኩል ሆኖ፥ «መጣ! መጣ! በግራ በኩል ክፈቱት!» እያለ ጮኸ፤ ቄሱም እንደ ልማዳቸው ውኃውን አስቀድመው ወደ እርሱ መሬት መለሱት።